የመንግሥት ፕሮግራም ለውጥ ማምጣቱ በምን ይታወቃል? ከጣና ዳርቻ ለተነሣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ «በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኝ ወረዳ የፕላን ባለሙያ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ የምናቀርበው ሪፖርት አብዛኛው ተግባር ከዘጠና በመቶ በላይ መከናወኑን ያሳያል። የምክር ቤት አባላት ግን ‹ታዲያ የሕዝቡ ኑሮ ምን ተለወጠ?› ሲሉን አጥጋቢ መልስ የለንም። አንድ የመንግሥት ፕሮግራም ውጤታማ መሆኑ፣ የታየውም ለውጥ በእርግጥ በእርሱ የመጣ መሆኑ በምን ይታወቃል? የጥናት በጀት የሌለው ወረዳስ ምን ማድረግ ይችላል?»

የምክር ቤቱ አባላት የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእርስዎ ሪፖርትም ሐሰት ላይሆን ይችላል። ሁለቱ ያልተገናኙት ስለተለያየ ጉዳይ ስለሚናገሩ ነው። የአፈጻጸም ሪፖርት የታቀደው ከተከናወነው ጋር ምን ያህል እንደተቀራረበ ይናገራል። አባላቱ ማወቅ የፈለጉት ግን ይህ ፕሮግራም ባይኖር ኖሮ ሕዝቡ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኝ እንደነበረና አሁን ያለበት ሁኔታ ከዚያ ምን ያህል እንደሚለይ ነው። የፋይዳ ግምገማ የሚባለው ሥራ በሙሉ ይህን «ባይኖር ኖሮ» የሚለውን በታማኝነት ለመገመት የሚደረግ ጥረት ነው። ያልሆነውን ነገር ማንም በዓይኑ ሊያየው ስለማይችል፣ ግምቱ አስተማማኝ የሚሆነው በአብዛኛው ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት በሚደረግ ዝግጅት ነው። ብዙ ቦታ የሚሳነን እዚህ ላይ ነው፤ ግምገማውን የምናስበው ገንዘቡ አልቆ የማጠቃለያ ሪፖርት ሲጠየቅ ነውና።

እምቦጭን እንውሰድ፤ ከባሕር ዳር እስከ ደምቢያ ይህን ጉዳይ የማያውቅ ሰው የለም። አረሙ በጣና ላይ በይፋ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰው ጉልበትም በማሽንም ብዙ የማስወገድ ዘመቻ ተካሂዷል። የዘመቻ ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የተሰማራውን ሕዝብ፣ የሥራ ቀኑንና የተነቀለውን አረም ነው። እነዚህ መቆጠራቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበቶች ብቻ ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው አረሙ የሸፈነው የውኃና የዳርቻ ስፋት በእርግጥ ቀነሰ ወይ የሚለው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ዓሣ አስጋሪው መረቡን እንደ ልቡ መጣል ቻለ ወይ፣ ከብቱ የግጦሽ መሬቱን መልሶ አገኘ ወይ፣ ገበሬውስ ውኃው እየተመለሰ በሚለቀው የባሕር ሸሽ መሬት ላይ በወቅቱ መዝራት ቻለ ወይ የሚሉት አሉ። ሰንሰለቱ በየትኛውም ቀለበት ላይ ሊበጠስ ይችላል። የተነቀለው አረም ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረና በአግባቡ ካልተወገደ የሚቀጥለው ክረምት ውኃ መልሶ ይወስደዋል፤ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። ስለዚህ እንደ ዕቅዱ መቶ በመቶ የተፈጸመ ዘመቻ ሽፋኑን ሳይቀንስ ሊያልፍ ይችላል፤ ሽፋኑን ቀንሶም የአስጋሪውን ገቢ ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል።

መቼ እንደሚለካም ቀላል ጉዳይ አይደለም። እምቦጭ ክረምቱን ወንዞች ይዘውት በሚመጡት ንጥረ ነገር እየደለበ በክረምቱ መውጫና በመኸር ወራት ይስፋፋል፤ ከዚያ የሐይቁ ውኃ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየቀነሰ ሲሄድ ብዙው ዳር ላይ ቀርቶ ይደርቃል። በጥቅምት ለክቶ ዘመቻ ያካሄደና በግንቦት መልሶ የለካ ሰው፣ አንድም እጅ ባይነካው እንኳ፣ ሽፋኑ ቀንሶ ያገኘዋል። ትክክለኛው ንጽጽር የዘንድሮው ጥቅምት ከአምናው ጥቅምት ጋር ነው። እርሱም ብቻውን አይበቃም፤ የሐይቁ ከፍታ በየዓመቱ በዝናቡ መጠን፣ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጨረጨራ ግድብ አሠራር፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮም የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በሚወስደው ውኃ ስለሚለዋወጥ የእነዚህ መዝገብ አብሮ መታየት አለበት።

ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ቢኖር የቪክቶሪያ ሐይቅን ታሪክ ያስታውስ። በእንግሊዝ ቀመር በ1990ዎቹ ውስጥ አረሙን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ተለቀቁ፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ላይ አረሙ በከፍተኛ መጠን ቀነሰ። ጥንዚዛዎቹ ሠሩ የሚሉ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ በ1997 እና በ1998 የተከሰተው ኤልኒኖ ያመጣው ደመናማና ማዕበል የበዛበት አየር ነው ድርሻውን የወሰደው ያሉም ነበሩ፤ ክርክሩም በሳይንሳዊ መጽሔቶች ላይ ለዓመታት ቀጠለ። ለውጡ መኖሩን ሁሉም ያዩታል፤ የማን ሥራ እንደሆነ ግን የሚያከራክረው፣ ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ስለመጡና ጥንዚዛ ሳይለቀቅበት የቆየ የሚነጻጸር ሐይቅ በጎን ስላልነበረ ነው።

ወደ ወረዳ ሥራ ስንመለስ፣ ሪፖርቶች ለውጥ መጣ የሚሉት በአብዛኛው በሁለት አቋራጮች ነው። አንደኛው በፊትና በኋላ የሚደረግ ንጽጽር ነው። የዚህ ንጽጽር ችግር ጊዜ ብቻውን ብዙ ነገር ይዞ መምጣቱ ነው። በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር በአገር አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 58 በመቶ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርዷል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በየትኛውም ወረዳ የሥርዓተ ምግብ ፕሮጀክት የያዘ ድርጅት በፊትና በኋላ ለክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ፕሮጀክቱ የረባ ነገር ባይሠራም እንኳ መሻሻል ባገኘ ነበር። በተቃራኒውም ይሆናል፤ ድርቅ ወይም የዋጋ ንረት በመጣበት ዓመት ጠንካራ ሥራ የሠራ ፕሮግራም የከሰረ ይመስላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ በፎገራና በደራ ሜዳ ደጋግሞ የሚያታልል ነገር አለ። የርብ ወይም የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የመታቸው ቀበሌዎች በዚያው ዓመት ጉዳታቸው ታይቶ ለድጋፍ ይመረጣሉ። ጎርፉ በዚያ መጠን በየዓመቱ ስለማይመጣ በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ ያለ ምንም ድጋፍም ወደ ነበረበት ይመለሳል። የተመረጡት በክፉ ዓመታቸው ስለሆነ ቀጣዩ ዓመት የተሻለ መሆኑ አይቀርም፤ ምስጋናው ግን ለፕሮግራሙ ይጻፋል። ለዚህ መድኃኒቱ ከፕሮግራሙ በፊት የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስትና የአራት ዓመት መረጃ መያዝ ነው፤ ይህም በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ቋት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛው አቋራጭ ተጠቃሚውን ከተጠቃሚ ያልሆነው ጋር ማነጻጸር ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከእነርሱ አንዱ ፎገራ ነበር። አባልነቱ በፈቃደኝነት ነበርና፣ ለመግባት የሚቸኩለው በቤቱ ሕመምተኛ ያለበት ሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው የተሻለ መረጃና የተሻለ ገቢ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ አባላትን ከሌሎች ጋር ብናነጻጽር መድን ያለው ሰው ይበልጥ የታመመ ይሆንና መድኑ ጎጂ ይመስላል፤ በሁለተኛው ደግሞ መድኑ ሰውን ባለጸጋ ያደረገ ይመስላል። ሁለቱም ድምዳሜ የተሳሳተ ነው። መድኑን በአግባቡ ያጠኑት ተመራማሪዎች ያደረጉት ነገር፣ መድኑ ከመጀመሩ በፊት በሙከራ ወረዳዎችም ከሙከራው ውጭ ባሉ ወረዳዎችም ቤተሰቦችን መዝግበው እነዚያኑ ቤተሰቦች በተከታታይ ዓመታት ተመላልሰው መጠየቅ ነው። በዚህ መንገድ አባላት የጤና ተቋም ተመላላሽ አገልግሎትን ይበልጥ መጠቀማቸውን፣ ለሕክምና ብለው ዕዳ ውስጥ መግባታቸውም መቀነሱን ማሳየት ተችሏል።

እነዚህ ሁለት አቋራጮች እያንዳንዳቸው ደካማ ቢሆኑም ሲጣመሩ ግን የጠነከረ ነገር ይወጣቸዋል። ለምሳሌ ያህል ብቻ በወሰድነው ቁጥር እንየው። ፕሮግራሙ በገባባቸው ቀበሌዎች የሩዝ ምርት በሄክታር ከ30 ወደ 38 ኩንታል አደገ እንበል። ሪፖርቱ የስምንት ኩንታል ጭማሪ ብሎ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ባልደረሰባቸው ተመሳሳይ ቀበሌዎች ደግሞ በዚያው ጊዜ ከ28 ወደ 34 አድጎ ከተገኘ፣ ስድስቱ ኩንታል ዝናቡም፣ ገበያውም፣ የገበሬው የራሱ ትጋትም ያመጡት ነው፤ ለፕሮግራሙ ሊጻፍ የሚችለው ሁለት ኩንታል ነው። የዚህ ስሌት መሠረት ሁለቱ ወገኖች ፕሮግራሙ ባይኖር በተመሳሳይ ፍጥነት ይጓዙ ነበር የሚል እምነት ስለሆነ፣ እምነቱ ከፕሮግራሙ በፊት በነበሩት ዓመታት መረጃ መፈተን አለበት። በፎገራ ይህ ንጽጽር በተለይ አስፈላጊ ነው፤ ሩዝ በዚያ ሜዳ የተስፋፋው በአብዛኛው ገበሬው ከገበሬ እየተማረ፣ ዘርም እየተቀባበለ ስለሆነ፣ በየጊዜው የመጣ ፕሮጀክት ሁሉ የዚያን ሁሉ ዕድገት ባለቤትነት ለራሱ ቢጽፍ ገበሬውን መበደል ነው።

ይኸው የዘር መቀባበል ሌላ ችግር ያመጣል። ጎረቤት ቀበሌ በአፈር፣ በአየርና በገበያ ስለሚመሳሰል ለንጽጽር ተመራጭ ነው፤ ነገር ግን የተሻሻለው ዘር በወረታ ገበያም በዘመድም በኩል ወደዚያው ይሻገራል። ያኔ የፕሮግራሙ ጥቅም በንጽጽር ቀበሌውም ውስጥ ስለሚገባ ልዩነቱ ጠቦ ይታያል፤ ጥሩ ፕሮግራም ያልሠራ ይመስላል። እዚህ ላይ ከራሴ ልምድ የምመክረው፣ ለንጽጽር የሚሆኑትን ቀበሌዎች ከፕሮግራሙ ቀበሌዎች ጋር በአንድ ገበያ ከማይገበያዩት መምረጥና በመጠይቁ ውስጥ «ይህን ዘር ከየት አገኙት?» የሚለውን ሳይረሱ ማካተት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ግን ዕጣ ነው። በጀቱ በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ቀበሌ የማይበቃ ከሆነ፣ የትኛው ቀበሌ ቀድሞ ይግባ የሚለው በዕጣ ቢወሰን፣ ቀድመው የገቡትና ተራ የሚጠብቁት ከዕድል በስተቀር በምንም ስለማይለያዩ በኋላ የሚታየው ልዩነት በንጹሕ ኅሊና ለፕሮግራሙ ሊሰጥ ይችላል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን ለድኻ ቤተሰቦች የሚከፈል የገንዘብ ድጋፍ ስትጀምር ለግምገማ ከተመረጡት 506 መንደሮች 320ው በዕጣ ቀድመው እንዲገቡ፣ 186ቱ ደግሞ በኋላ እንዲገቡ አደረገች። የልጆች ትምህርት ቤት መቆየትና ጤና መሻሻሉ በዚህ መንገድ ስለተረጋገጠ፣ በ2000 የአገሪቱ መሪ ፓርቲ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ስሙ ቢቀየርም አልተዘጋም። ይህን ዓይነት ጥናት በድህነት ቅነሳ ሥራ ላይ ያስፋፉት አብሂጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር በ2019 የኖቤል ሽልማት በኢኮኖሚክስ ያገኙትም ለዚሁ ነው።

ዕጣ ሲባል «በሰው ላይ ሙከራ ይሠራል ወይ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው በቁም ነገር መታየት ያለበት ነው። በአስቸኳይ ለተራበ ሰው የሚደርስ እህል፣ ወረርሽኝን የሚከላከል ክትባትም በዕጣ ሊዘገይ አይገባም። ነገር ግን ፈረቃው የበጀት እጥረት ያመጣው ሲሆን የሚጎዳው ዕጣው አይደለም። ዕጣ ባይኖርም መመረጡ አይቀርም፤ በመንገድ ቅርበት፣ በሰው ትውውቅ ወይም በሊቀመንበሩ ብርታት ይወሰናል። እኛ ዘንድ ዕቁብም የጋራ መኖሪያ ቤትም በዕጣ ስለሚደርስ ሰው ዕጣውን ዓይኑ እያየ ከተጣለ በቅሬታ አይነሣም፤ የሚያስቆጣው የተደበቀ ምርጫ ነው።

ዕጣ በማይቻልበት ጊዜ ሌሎች መንገዶች አሉ። ተጠቃሚው በነጥብ የሚለይ ከሆነ መስፈርቱን በጥቂት ነጥብ ያለፉትንና በጥቂት ነጥብ የወደቁትን ማነጻጸር ይቻላል፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ያሉ ሰዎች ኑሯቸው እጅግ ተቀራራቢ ነውና። ፕሮግራሙ በየቀበሌው በተለያየ ዓመት ከደረሰ ያንን ቅደም ተከተል መጠቀም ይቻላል፤ በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሬት ይዞታ ምዝገባ በዚህ መልክ ተጠንቶ፣ የይዞታ ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በአፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ ይበልጥ መሥራታቸው ተመልክቷል። ሌላው መንገድ ለተጠቃሚው ቤተሰብ በመሬት ስፋት፣ በከብት ብዛት፣ በቤተሰብ አባላትና በመሳሰሉት የሚመስለውን ተጠቃሚ ያልሆነ ቤተሰብ ፈልጎ ማጣመር ነው።

ይህ የመጨረሻው መንገድ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ላይ ተሠርቶበታል። ፕሮግራሙ የሚመርጠው ድኻውን ስለሆነ ተጠቃሚን ከጎረቤቱ ጋር በደፈናው ማነጻጸር ሴፍቲኔት ሰውን ያደኸየ ያስመስላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር ሆኖ በሰበሰበው መረጃ ላይ የተመሠረተው የመጀመሪያው ዙር ጥናት ተመሳሳይ ቤተሰቦችን አጣምሮ ሲያይ፣ በአማካይ የተገኘው ለውጥ ትንሽ ነበር። ጥናቱ ግን በዚያ አላቆመም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ብዙ ቤተሰቦች የተቀበሉት ክፍያ በፕሮግራሙ ከተወሰነው እጅግ ያነሰ መሆኑን፣ ክፍያውን ከሌሎች የምግብ ዋስትና ድጋፎች ጋር አጣምረው ያገኙት ግን የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ከዓመታት በኋላ በወጣው ጥናት ደግሞ ለአምስት ዓመት የተጠቀሙ ቤተሰቦች ለአንድ ዓመት ብቻ ከተጠቀሙት ይልቅ የሚራቡበት ጊዜ በዓመት ከአንድ ወር በላይ ማጠሩ ተገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ጥናት የምናገኘው ትምህርት ለእብናትም ለስማዳም ለጋይንትም የሚሠራ ነው። «ለውጥ አልመጣም» የሚለው ግኝት ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ትርጉሞች ሊኖሩት ይችላል። ሐሳቡ ራሱ የማይሠራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሐሳቡ ደኅና ሆኖ በታሰበው መጠን ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ፕሮግራሙ መቆም ወይም መለወጥ አለበት፤ በሁለተኛው ክፍያው ሙሉ ሆኖ በወቅቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው የሚያስፈልገው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ግን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ በእርግጥ ምን ያህል፣ መቼ እንደደረሰው ከተመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ የአፈጻጸም ክትትሉ ለፋይዳ ግምገማው አስፈላጊ ነው፤ ችግሩ እርሱን ብቻ ይዘን መቅረታችን ነው። የሩብ ዓመት ሪፖርትዎን በጥንቃቄ ይያዙት።

የናሙና ጉዳይ ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም የሚፈስበት ስለሆነ ልዘርዝረው። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ዝናብ፣ አንድ አፈር፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛና አንድ ገበያ ስላላቸው እርስ በእርስ ይመሳሰላሉ። ሃያኛው ተጠያቂ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ዘጠኝ ያልሰማነውን ብዙም አይነግረንም። ይህ መመሳሰል ከ0 እስከ 1 በሚለካው የባለሙያዎች ስሌት 0.1 ቢሆን፣ በ20 ቀበሌ ውስጥ ሃያ ሃያ ቤተሰብ የጠየቀ ጥናት ያለው 400 ቤተሰብ ቢሆንም የሚሰጠው መረጃ በዕጣ ተበታትነው የተመረጡ 138 ያህል ቤተሰቦች የሚሰጡትን ያህል ነው። እነዚያኑ 400 ቤተሰቦች በ40 ቀበሌ አሥር አሥር አድርጎ ቢጠይቅ ግን ወደ 210 ያድጋል። ስለዚህ ጥቂት ቀበሌ መርጦ ብዙ ሰው ከመጠየቅ፣ ብዙ ቀበሌ ሄዶ ከየቀበሌው ጥቂት ሰው መጠየቅ ይሻላል። የመኪናና የውሎ አበል ወጪው ስለሚጨምር ይህ ምክር በቀላሉ አይወደድም፤ ነገር ግን በሁለት ቀበሌ ብቻ ተሠርቶ ስለ ወረዳው ሁሉ የሚናገር ጥናት፣ በእኔ እምነት፣ ባይሠራ ይሻላል።

ወደ ሩቅ ቀበሌ አለመሄድም የራሱ ማዛባት አለው። መንገድ በጭቃ ወይም በፀጥታ ምክንያት የተዘጋባቸው ቀበሌዎች ከናሙናው ሲወጡ የሚወጡት ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ በደንብ ያልደረሳቸው ናቸው፤ የቀሩት አማካይ ያምራል። መድረስ ካልተቻለ የትኞቹ ቀበሌዎች እንደቀሩና ለምን እንደቀሩ በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ መጻፍ አለበት።

አማካይ ቁጥር በራሱም ይሸፍናል። ሜጫ ላይ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደውን የቆጋ መስኖ ዓይነት ሥራ የሚገመግም ሰው ስለ ጠቅላላው የለማ መሬት ብቻ ከጠየቀ፣ ውኃው ቀድሞ የሚደርሰው በቦዩ ራስ ያለው ገበሬና በቦዩ ጫፍ ላይ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ አንድ ላይ ተደምረው ይጠፋሉ። በማንኛውም የቦይ መስኖ መለካት ያለበት የጫፉ ሰው በየስንት ቀኑ ውኃ እንዳገኘ ነው። በተመሳሳይ መንገድ እማወራ ቤተሰቦች፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ አካል ጉዳተኞች ለብቻቸው ካልታዩ ፕሮግራሙ ማንን እንደጠቀመ አይታወቅም።

ቁጥር ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ከሰው ጋር መነጋገር ያስፈልጋል፤ የምናውቀው የሕዝብ መድረክ ግን ለዚህ አይበቃም። አመራሩ ፊት ለፊት በተቀመጠበት ስብሰባ ሰው የሚናገረው ምስጋና ወይም አዲስ የድጋፍ ጥያቄ ነው፤ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ይወጣሉ። በአንጻሩ አምስት ስድስት ሆነው የተቀመጡ እናቶች የሥርዓተ ምግብ ትምህርቱን ተረድተውት እንቁላሉን ለምን ለልጃቸው ሳይሆን ለገበያ እንደሚያወጡት ያለ መሸማቀቅ ይናገራሉ። ፕሮግራሙን ትተው የወጡትን ፈልጎ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስተምራል፤ ማንም አይፈልጋቸውምና።

ማን ይለካ የሚለው ቀላል አይደለም። ዕድገቱና የውጤት ተኮር ምዘናው በሪፖርቱ ላይ የተንጠለጠለ ባለሙያ የራሱን ሥራ እንዲለካ ማድረግ ለእርሱም ፈተና ነው። ይህን ማለቴ ባለሙያውን ለመጠርጠር አይደለም፤ ሥርዓቱ ሐቀኛውን ሰው ሳይቀር ቁጥር እንዲያሳምር ስለሚገፋው ነው። የፌዴራልና የክልል ዋና ኦዲተሮች የሚያደርጉት የክዋኔ ኦዲት በዚህ ረገድ ይረዳል፤ ነገር ግን በአብዛኛው የሚያየው ሀብቱ በቁጠባና በአግባቡ ለታለመለት ሥራ መዋሉን ስለሆነ «ባይኖር ኖሮ» የሚለውን ለመመለስ ሁልጊዜ አይደርስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ፕሮጀክቶች አስተዳደርና አመራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1210 ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት እንዲመረመር ማስገደዱ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ወረዳዎችም በዚያው መንፈስ መሥራት ይችላሉ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበትን መስፈርት ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 አምስት አድርጎ ያወጣቸውንና በ2019 ስድስት ያደረጋቸውን እጠቅስልዎ ነበር፦ ተገቢነት፣ ከሌሎች ሥራዎች ጋር መጣጣም፣ ግብን ማሳካት፣ የሀብት ብቃት፣ ፋይዳና ዘላቂነት። ሠንጠረዥ ለመሙላት ይጠቅማሉ። ከእነዚህ ውስጥ በወረዳ ደረጃ ሁለቱ እንዳይዘለሉ እመክራለሁ። አንዱ የሀብት ብቃት፣ ማለትም ወጪው ነው፤ በሩዙ ምሳሌ ላይ ላየነው የሁለት ኩንታል ጭማሪ በሄክታር ስንት ብር እንደወጣ ካልተጻፈ ምክር ቤቱ ከሌላ አማራጭ ጋር ሊያመዛዝነው አይችልም። ሌላው ዘላቂነቱ ነው፤ ፕሮጀክቱ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ የውኃ ነጥቡ ይሠራ እንደሆነ፣ እርከኑ ተጠግኖ እንደሆነ ማየት ከማንኛውም የምረቃ ዕለት ፎቶ ይበልጥ ይናገራል።

አሁን በእጅዎ ባለው ነገር ወደሚቻለው ልምጣ። ሁሉንም ፕሮግራም ለመገምገም አይሞክሩ፤ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ከሚጀመሩት መካከል ብዙ ገንዘብ የሚወስደውንና ውጤቱ በእርግጥ የማይታወቀውን አንዱን ይምረጡ። ከኃላፊዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ከግብዓቱ እስከ ቤተሰቡ ኑሮ ያለውን ሰንሰለት በአንድ ገጽ ጻፉ፤ በየቀለበቱ ምን እንደሚለካ፣ በየትኛው ወር እንደሚለካ አብሮ ይወሰን። ስኬት የሚባለው ስንት ሲሆን እንደሆነም በቅድሚያ ይጻፍ፤ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ የሚወጣ መስፈርት ሁልጊዜ የሚታለፍ ነውና። መነሻ መረጃውን ለመሰብሰብ አማካሪ መቅጠር የግድ አይደለም፤ ከአጎራባች ወረዳ ጋር ባለሙያ ተለዋውጣችሁ አንዳችሁ የሌላውን ብትለኩ፣ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መረጃ የሚፈልጉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ብታሳትፉ፣ ወጪው ይቀንሳል፤ ገለልተኝነቱም ይጨምራል። መጠይቁ አጭር ይሁን። አርባ ደቂቃ የማይበልጥና በየዓመቱ ሳይለወጥ የሚደገም መጠይቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚሠራ የሁለት ሰዓት መጠይቅ ይሻላል።

ፈረቃ የሚኖር ከሆነ ዕጣውን በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ፣ የቀበሌ ተወካዮች ባሉበት ይጣሉ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ተራ የሚጠብቁት መቼ እንደሚገቡም በዚያው ይጻፍ። መነሻ መረጃው ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ይሰብሰብ፤ ተጠያቂው ቀበሌው መመረጡን ወይም መዘለሉን ካወቀ በኋላ ስለ ከብቱና ስለ ምርቱ የሚሰጠው መልስ ይለወጣልና። እስከዚያው ድረስ ለአባላቱ በሚያቀርቡት የሩብ ዓመት ሪፖርት ውስጥ የተከናወነውን ከተለወጠው ለይተው ይጻፉ፤ በሁለተኛው ሥር ገና ያልተለካውን «አልተለካም፤ በዚህ ወር ይለካል» ብለው ወሩን ያስፍሩ።